በመስታወቱ ውስጥ ስለታየው መሰላል

ለተከበሩ የሚዲያ ጥናት ትምህርት ክፍል የምዘና ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ዳግም እንድንኳረፍ የተላለፈብንን ትዕዛዝ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወገብዎ ከወንበርዎ ጋር የተስማማ፣ ዓይንዎም ያን ሁሉ የተማሪ ፊልም አይተው ሲጨርሱ እንኳ እንደ ማለዳ ውሃ የጠራ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። ለዓይንዎ በተለይ የተመኘሁት ለደብዳቤ ማሳመሪያ ብቻ እንዳልሆነ ጽሑፌን እስከ መጨረሻው ካነበቡ ይገለጥልዎታል፤ ካላነበቡም አልቀየምም፤ እስከ መጨረሻው አለመድረስ ከሥራ ብዛት የሚመጣ እንጂ ክፋት ያለበት ነገር አይደለም።

እኔ ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሰው ጽሑፍ ሳርም ፈጅቼ፣ አሁን ቤቴ ተቀምጬ የሚታረም ነገር የምፈልግ ጡረተኛ ነኝ። ፊልም አላውቅም። ከክቡርነትዎ ጋር ያገናኘችኝ የእህቴ ልጅ ናት። እርስዎ በሚመሩት ክፍል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስትሆን፣ ለመመረቂያ የሠራችው የአምስት ደቂቃ ፊልም «ከፀደቀው ዕቅድ ውጭ በመሆኑ ተቀባይነት የለውም፤ በዕቅዱ መሠረት ዳግም ተቀርጾ ይቅረብ» ተብሎ በፊርማዎ ተመልሶባታል። እስከዚህ ወር መጨረሻ ዳግም ቀርጻ ካላስገባች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም፤ ዓመቱን ትደግማለች። እኔ ደግሞ በዚያ ፊልም ውስጥ ከሚታዩት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ ማለትም ወንበር ላይ ተቀምጦ ፀጉሩን የሚቆረጠው ነኝ። ስለዚህ የምጽፍልዎ እንደ አጎት ብቻ ሳይሆን እንደ ባልደረባ፣ ሥራው እንደተጣለበት ተዋናይ ጭምር ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ምስጋና ይቀድማል። የእህቴ ልጅ እርስዎ ዘንድ ከመግባቷ በፊት ሰው ሲያለቅስ ካየች ትደግፈው ነበር፤ አሁን መጀመሪያ መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ ታያለች። እናቷ ገበታ ስታቀርብ ሁለት እጆቿን አራት ማዕዘን አድርጋ በመካከሉ እያየችን ከጥግ ወደ ጥግ ትዞራለች፤ ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ እኛ ግን በሚገባ ተቀናብረናል። ሰው ከታች ወደ ላይ ሲነሳ ትልቅ፣ ከላይ ወደ ታች ሲነሳ ትንሽ እንደሚመስልም አስተምረዋታል። ይህን እኔ ራሴ ያረጋገጥኩት ኮሪደርዎ ውስጥ ዝቅ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጸሐፊዎን ቀና ብዬ ያየሁ ዕለት ነው። ለዚህ ሁሉ ትምህርት ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ቅሬታዬ ግን ወሰን ስላለው በተራ በተራ አቀርበዋለሁ።

1ኛ. ስለ ዕቅዱ፦

የክፍልዎ ደንብ እንደሚያዝዘው ተማሪ ካሜራ ከመንካቷ በፊት የምታነሳውን እያንዳንዱን ምስል በትንንሽ ሳጥን ውስጥ ሥላ፣ ከሥሩ ማን ምን እንደሚያደርግ ጽፋ፣ ስቶሪቦርድ የሚሉትን ነገር ማስፀደቅ አለባት። ደንቡ መልካም ነው። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» የሚለውን ተረት ወደ ወረቀት ማውረድ ነውና ማን ይጠላዋል? ልጅቷም ቤቴ መጥታ፣ የምግብ ጠረጴዛዬን በእርሳስ ቅርፊት ሞልታ፣ ሳጥኖቿን አንድ በአንድ ሣለች። ታሪኩ አጭር ነው። አንድ ሰው ፀጉሩን ሊቆረጥ ይገባል፤ ፀጉር አስተካካዩ ያውቀዋል፤ እሱም ፀጉር አስተካካዩን ያውቀዋል፤ አይነጋገሩም፤ ተቆርጦ ይወጣል። አለቀ።

በትከሻዋ በኩል አጮልቄ ሳይ ወንበሩ ላይ ያለው ሰው አፍንጫ የማውቀው አፍንጫ ሆነብኝና ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «አንተ ነሃ ጋሼ» አለችኝ ቀና ሳትል። ፀጉር አስተካካዩስ ብላት፣ «አባዬ ነዋ፤ ሌላ ፀጉር አስተካካይ አለኝ እንዴ?» አለች።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎ ሊያውቁት የሚገባ የቤተሰብ ጉዳይ አለ። አባቷ፣ ማለትም የእህቴ ባል፣ ከእናንተ ትምህርት ቤት ብዙ ሳይርቅ ፀጉር ቤት ያለው ሰው ነው። እኔና እሱ ልጅቷ የወተት ጥርሷ ሳይነቀል ጀምሮ አንድ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር። ምክንያቱ መሰላል ነው። የሱቁን ታፔላ ሊቀባ መሰላሌን ተዋሰኝ፤ አልመለሰም። እኔ አልጠየቅሁም፤ እሱ አላነሳም፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ባልተነሳ ቁጥር እየከበደ ይሄዳል። እህቴ በመካከላችን ፖስታ ቤት ሆና ኖረች። እሱ «ወንድምሽ ወገቡን ተሻለው?» ይላታል፤ እኔ «ተሽሎታል በይው» እላታለሁ፤ እሷ «ሁለታችሁም ምላስ የላችሁም?» ብላ መልእክቱን ታደርሳለች። በልጅቷ ልደት እሱ ሳሎን ሲቀመጥ እኔ በረንዳ፣ እኔ ሳሎን ስገባ እሱ አምፖል ሊቀይር ጓሮ ነበርን። ለፀጉሬም ሁለት አውቶቡስ እየቀያየርኩ፣ ከተማውን አቋርጬ፣ እጁ ወደሚንቀጠቀጥ አንድ አዛውንት ዘንድ ስመላለስ ኖርኩ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኛ ግን ነቅዞ፣ ዱቄት ሆኖ፣ ቤቱን ሁሉ አቧራ አልብሶት ነበር።

ልጅቷ ያደገችው በዚያ አቧራ ውስጥ ነው። መምህሮቿ «የምታውቁትን ሥሩ» ቢሏት የምታውቀውን ሠራች። እኔን ለብቻዬ ጠየቀችኝ፤ ለመመረቂያዋ ነው ብዬ እሺ አልኩ። አባቷን ለብቻው ጠየቀችው፤ ለመመረቂያዋ ነው ብሎ እሺ አለ። ትወና ሊያስተምሩት የማያስፈልግ ተዋናይ ማግኘት ለዳይሬክተር ትልቅ ዕድል እንደሆነም ነገረችን፤ ለሁለታችንም፣ ለየብቻ።

2ኛ. ስለ መሰላሉ፦

ደንብዎ በእያንዳንዱ ፊልም ውስጥ ቢያንስ አንድ ከላይ ወደ ታች የተነሳ ምስል እንዲኖር ያስገድዳል። ለምን እንደሆነ ልጅቷን ብጠይቃት «ጋሼ፣ ነጥብ አለው» አለችኝ፤ ከዚህ የጠለቀ የጥበብ ማብራሪያ ከማንም አልጠበቅሁም። እንግዲህ ከላይ ለማንሳት ከፍታ ያስፈልጋል፤ ለከፍታ ደግሞ መሰላል።

የቀረጻው ዕለት ልጅቷ የሱቁን በር ዘጋች፤ እኔን ወንበሩ ላይ አስቀመጠች፤ ነጩን ጨርቅ አንገቴ ላይ አሰረች፤ «አንተ ፊት ለፊት መስታወቱን ብቻ እይ፣ አትናገር፤ አባዬ አንተ ደግሞ ቁረጥ፣ አትናገር» ብላ ካሜራውን በማቆሚያው ላይ አስነሳችው። ሁለታችንም በሚገባ አልተናገርንም። መቀሱ ይጮኻል፤ ፀጉሬ ይወርዳል፤ እሱ ጆሮዬን ያያል፤ እኔ የሽቶ ጠርሙሶቹን አያለሁ። ልጅቷ ጊዜ እንዳይባክን ብላ ለሚቀጥለው ምስል ስትዘጋጅ፣ ከኋላችን ካለችው የዕቃ ክፍል መሰላል በቀስታ ጎትታ አወጣችና ከላይ ምን እንደሚታይ ልትለካ ወጣችበት። አንድ ነገር ግን ዘነጋች። ፀጉር ቤት ውስጥ «ከኋላ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም ነገር ከፊት ነው።

እኔ እንደታዘዝኩት መስታወቱን ብቻ ሳይ ነበር። በመስታወቱ ውስጥ መሰላል ታየ። ሰው ልጁን ከሕዝብ መካከል እንደሚለይ ለየሁት፤ በር ስቀባ የፈሰሰ አረንጓዴ ቀለም እግሩ ላይ አለበት። ይኸው በካሜራ ፊት ደንቡን ጥሼ «ይሄ መሰላል የኔ አይደል?» አልኩ። እሱም መቀሱን ሳያቆም «ያንተ ነው» አለ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ፊልሙ ይዞታል፤ የክቡርነትዎን ድካም ለመቀነስ ግን እዚህም ላስፍረው። «አንዱ መወጣጫው እግሬ ሥር ተሰበረ፤ አሠርቼ ልመልስ ስል አንተ አዲስ ገዝተህ አጥርህ ላይ አስደገፍከው። መንደሩ ሁሉ አየልህ። አዲስ ላለው ሰው አሮጌ ተሸክሜ ስመጣ ምን ልበል?» አለኝ። እኔም አዲሱን የገዛሁት ጣሪያዬ ስላፈሰሰ እንደሆነ፣ አጥሩ ላይም ያስደገፍኩት ቀለሙ እንዲደርቅ ብዬ እንደሆነ አስረዳሁት። «ክረምት ከበጋ ነው የሚደርቀው?» አለ። ከዚያ አናቴን በሁለት ጣቱ ወደ ፊት ደፋ አደረገና ማጅራቴን አየ፤ ረጅም ጊዜ አየ፤ «ቆይ፣ ይሄን ማነው የቆረጠህ? በማጭድ ነው?» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ሳቀ። ልጅቷ መሰላሉ ላይ ናት፤ እሱ ባሠራው፣ ከሌሎቹ ነጣ ባለው መወጣጫ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ ይህም በመስታወቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አቁሙ አላለችም። በክፍልዎ የተማረችውን ሁሉ ረስታ ዝም ብላ ቆመች፤ ወይም ምንም አልረሳችም።

ክቡርነትዎ ይህን በአስተያየት ወረቀትዎ ላይ «የቀረጻ ዕቃና የቀራጭ አካል በመስታወት ውስጥ ታይተዋል፤ ከባድ የቴክኒክ ስህተት» ብለው መዝግበውታል። እውነት ነው፤ ታይተዋል። መጀመሪያ ያየሁትም እኔ ነኝ፤ ለምስክርነት ከተፈለግሁ እቀርባለሁ።

3ኛ. ስለ ትወናችን፦

በዚሁ ወረቀት ላይ «በመጀመሪያው ክፍል የተዋንያኑ ዝምታ በሚገባ የተጠና ነው» ብለው ሙሉ ነጥብ ሰጥተውናል። እናመሰግናለን፤ ረጅም ልምምድ አድርገንበታል። ቀጥለው «ከመካከል ጀምሮ ግን ንግግራቸው ተፈጥሯዊነት ይጎድለዋል» ብለዋል። ይህንንም በጸጋ ተቀብለነዋል። የእህቴ ባል በተለይ «በማጭድ ነው?» ያለበትን ድምፅ ለማሻሻል ቃል ገብቷል። የጀርባ ሙዚቃ የለም ላሉት ደግሞ፣ ሱቁ ውስጥ የተበላሸ የአየር ማራገቢያ አለ፤ ሲዞር ይንቋቋል፤ ከዚያ የተሻለ ለእኛ የሚስማማ ዜማ ልጅቷ አላገኘችም።

4ኛ. ስለ ውሻው፦

ጉዳዩን በቃል ላስረዳ ወደ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በማግሥቱም መጣሁ፤ ስብሰባው አላለቀም። በዚያ አንድ እግሩ አጥሮ በታጠፈ ካርቶን በተደገፈ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ፣ የማንበብ ልማድ ያለበት ሰው እንደሚያደርገው፣ ግድግዳው ላይ ያለውን ሁሉ አነበብኩ። የእሳት አደጋ መመሪያውን አነበብኩ፤ የጠፋ ጃንጥላ ማስታወቂያውን አነበብኩ፤ ከዚያ ለአርአያነት የተለጠፉትን የተማሪዎች ስቶሪቦርዶች ማየት ጀመርኩ። አንዱ እጅግ አስደነቀኝ። አንዲት ልጅ በመንገድ ስትሄድ የሚያሳይ ነው፤ አራተኛው ሳጥን ላይ ጭራውን በእግሮቹ መካከል የሸጎጠ ውሻ በግራ በኩል ይገባል፣ ካሜራውን ዞር ብሎ ያያል፣ ያስነጥሳል፣ በቀኝ በኩል ይወጣል። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍዎ «የዝርዝር ዕቅድ ምሳሌ፤ አርቆ አሳቢነት» ተጽፎበታል።

አጠገቤ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ተማሪ ፊቴን አይታ ሳቀች። «አባባ፣ እሱ እኮ የመንገድ ውሻ ነው፤ ዘው ብሎ ነው የገባባቸው» አለችኝ። ታዲያ እንዴት ተሣለ ብላት፣ «ሁሉም ሰው መጀመሪያ ይቀርጻላ! ከዚያ ፊልሙን እያስቆመ ይሥላል፤ ቀኑን ወደ ኋላ ይጽፋል። ሙሉ ነጥብ የሚገኘው እንደዛ ነው» ብላ፣ እንዲህ ያለ ነገር የማያውቅ ሰው በዚህ ዕድሜ እንዴት እንደ ኖረ በማዘን አየችኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ በክፍልዎ ግን ውሻው ከሄደ በኋላ ይሣላል። ልብ ይበሉ ክቡር ሆይ፣ ልጆቹን አልወቅሳቸውም። ዕቅዱ ከፊልሙ ጋር እንዲገጥም ታዘዙ፤ የሚገጥምበትን ብቸኛ መንገድ አገኙ። እኔ የምለው፣ ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል በእውነት አስቀድማ ያቀደችው አንዲት ልጅ ብቻ ስትሆን፣ ያለ ዕቅድ ሠርታለች ተብላ የወደቀችውም እሷው ብቻ ናት፤ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ሚዛን የትም አላየሁም።

ቤት እንደገባሁ እኔም ደንቡን ተማርኩና ልጅቷን መከርኳት። «አንድ ወረቀት አምጪ፤ ሳጥን ጨምሪ፤ መሰላል ሣይ፤ ሁለት ሽማግሌ ሲያወሩ ሣይ፤ ቀኑን ወደ ኋላ አድርጊና ይለቅ» አልኳት። እርሳሱን ቀርጬ ሰጠኋት። ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና «ጋሼ፣ ዕቅዴ ላይ እኮ አላወራችሁም። እንደምታወሩ ባውቅማ ፊልሙን ምን አሠራኝ?» አለችኝ። በአራሚነት ዘመኔ ብዙ ዐረፍተ ነገር በእጄ አልፏል፤ ለዚህኛው የማስገባለት እርማት አጣሁ።

5ኛ. ስለ ዳግም ቀረጻው፦

ትዕዛዝዎን አክብረን ሞክረናል። ይህን ማንም አይክደንም። ሱቁ እንደገና ተዘጋ፤ መሰላሉ መስታወቱ ወደማያየው ቦታ ተወሰደ፤ የተቆረጠ ፀጉሬ ዳግም ሊቆረጥ እንደማይችል ስለታወቀ መቀሱ በአየር ላይ ብቻ እንዲጮኽ ተወሰነ። በመጀመሪያው ሙከራ የእህቴ ባል ጨርቁን አንገቴ ላይ ሲያስር «አጠበቅሁብህ እንዴ?» አለኝ፤ ቀረጻው ቆመ። በሁለተኛው ሁለታችንም አፋችንን ዘጋን፤ ነገር ግን ዝምታው ተበላሽቶ ነበር። ልጅቷ በካሜራው አይታን «የተኳረፋችሁ አትመስሉም፤ ሳቅ የያዛችሁ ነው የምትመስሉት» አለች። የሚያሳዝን ነገር እንዳስብ አዘዘችኝ፤ ቢሮዎን አሰብኩ፤ እንቅልፍ መጣብኝ።

በሦስተኛው እህቴ ልትረዳን መጣች። የቆየው ቂም እንዲቀሰቀስ ብላ በሩ ላይ ቆማ ባሏን «ረሳኸው እንዴ? መሰላሉን በአጥር አሳይቶ መንደሩን ሁሉ ያሳቀብህ እሱ አይደለም?» አለችው። ባሏም መቀሱን አስቀምጦ «እሱማ ቀለም ሊያደርቅ ነው ያስደገፈው፤ አንቺ ደግሞ ነገር አትቆስቁሺ» አላት። እኔም ልክ ነው አልኩ። እህቴ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች፤ «ያን ሁሉ ዘመን መልእክት ያመላለስኩ አሁን ደግሞ በእኔ ላይ አበራችሁ?» ብላ በሩን ዘግታብን ሄደች። ልጅቷ ካሜራውን አጠፋችና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ እስኪደክማት ሳቀች፤ ከዚያ ደግሞ ሳቋ ልቅሶ የሚመስል ነገር ሆነ፤ ወሩ ሊያልቅ ነውና።

እንግዲህ ችግራችን ይህ ነው ክቡር ሆይ። የመጀመሪያው ዝምታ ትወና አልነበረም፤ ስለዚህ ሊደገም አልቻለም። በዕቅዱ መሠረት ዳግም ለመቅረጽ መጀመሪያ በዕቅዱ መሠረት ዳግም መጣላት አለብን፤ የነበረን ምክንያት ደግሞ መሰላሉ ብቻ ነበር፤ እሱም አልቋል። ከክፍልዎ ንብረት ክፍል አንድ የሚያጣላ ዕቃ በውሰት ቢፈቀድልን እንሞክራለን። ነገር ግን አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ ሁለታችንም አርጅተናል፤ ያን ያህል ዓመት የምንኳረፍበት ትርፍ ዕድሜ ያለን አይመስለኝም። ደግሞ ደክሞኛል። ሰው አይነግርዎትም እንጂ መኳረፍ ከባድ ሥራ ነው፤ የትኛው በር በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ማወቅ፣ የትኛው ወንበር ለማን እንደሚሆን ማስላት፣ ለአንድ የፀጉር መቆረጥ ሁለት አውቶቡስ መቀያየር፤ ጡረታ የሌለው ሥራ ነው። ከእሱ ጡረታ የወጣሁት ገና አሁን ነው፤ መልሰው እንዳይቀጥሩኝ እለምናለሁ።

ስለሆነም በታላቅ ትህትና የምጠይቀው፣ ፊልሙ እንዳለ፣ ስቶሪቦርዱም እንዳለ፣ ሁለቱ ሳይገጥሙ ጎን ለጎን እንዲታዩላት ነው። ይህ ካልሆነ ከንግግራችን በፊት ባለው ላይ ቆርጣ ታስገባ የሚል ሐሳብ ከክፍልዎ በኩል በጎን ደርሶናል። ለልጅቷ ነግሬያታለሁ። «ዓመቱን እደግማለሁ እንጂ አልቆርጠውም» ብላለች። ግትርነቷን ከማን እንደወረሰች እህቴን ጠይቄያት ነበር፤ ሁለታችንንም በተራ አየችን።

በመጨረሻም የማኅተምዎን ክብ ከሩቅ እየተሳለምኩ፣ ለስብሰባዎ መልካም ፍጻሜ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሣለሁ፤ ከሥሩ ያለው ፀጉር ከብዙ ዘመን በኋላ በወጉ የተቆረጠ ስለሆነ ማውለቁ አላሳፈረኝም።

ሁልጊዜም በኮሪደርዎ የሚገኘው፣
በፊልሙ ውስጥ የደንበኛው ሚና ተጫዋች

ግልባጭ፦
ለፀጉር አስተካካዩ፣ መስታወቱ ላይ እንዲለጥፈው፤
ለእህቴ፣ ከእንግዲህ መልእክት ማመላለስ እንደማይጠበቅባት እንድታውቀው።

ሳልጽፈው ያለፍኩት፦ በአስተያየት ወረቀትዎ መጨረሻ ላይ «ከላይ ወደ ታች የተነሳ ምስል በፊልሙ ውስጥ አልተካተተም» የሚል አለ። በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ልጅቷ እኛ ስናወራ ሳናያት ወርዳ፣ ካሜራውን ከማቆሚያው አንስታ፣ ይዛው መሰላሉ ላይ ተመልሳ ወጥታለች፤ የፊልሙ የመጨረሻ ደቂቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ነው። ልክ በዕቅዷ የመጨረሻ ሳጥን ላይ እንደ ሣለችው፣ በአንድ አምፖል ሥር ሁለት አናት አለ፣ አንዱ መላጣ፣ አንዱ ሽበታም፤ ወለሉ ላይ ነጭ ፀጉር ወድቋል፤ ፊታችን አይታይም፤ ስናወራ ብቻ ይሰማል። ከላይ ሲነሳ ሰው ትንሽ ይመስላል ብለው እንዳስተማሯት በእርግጥ ትንንሽ እንመስላለን፤ ጠባችንም እንዲሁ። ይህን ያላዩት መሰላሉ ብቅ ብሎ ጥቂት ቃል እንደተናገርን ፊልሙን ስለዘጉት ይመስለኛል። አልፈርድብዎትም፤ እኔም እዚያው መሰላል ላይ ስደርስ ዘግቼ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ። ግን ይቀጥላል፣ ክቡር ሆይ፤ ከመሰላሉ በኋላ ይቀጥላል።